ጥፍር ወይስ የጣት ፒክ? ጊታርን በጣት ለምትጫወቱ

የዛሬው ክፍል የመጣው ከአንዲት አድማጫችን ጥያቄ ነው። ነርስነት እየተማረች፣ ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ ላይ ናት። እዚያ ደግሞ ረጅም ጥፍር አይፈቀድም። የጊታር አስተማሪዋ «ጥፍር ካላሳደግሽ ፊንገርስታይል ይቅርብሽ» አላት። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ «ልተወው ወይ?»

አትተዪው። ለምን እንደሆነ ግን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ጥያቄው የሷ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ምግብ ቤት ሰሃን የሚያጥብ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያነሳ፣ ግንባታ ላይ የሚሠራ ልጅ ሁሉ ያው ችግር አለበት።

መጀመሪያ ነገሩን እንለይ። ጊታርን በማፍሬት ከመግረፍ ይልቅ ክሮቹን በየጣቱ መንካት ነው ፊንገርስታይል የሚባለው። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች ይይዛል፣ ጠቋሚ፣ መሃልና የቀለበት ጣት ደግሞ ቀጭኖቹን። ቤታችሁ ክራር የሚያውቅ ሰው ካለ ልዩነቱን በሁለት ቃል ይነግራችኋል፦ ግርፍ እና ድርድር። የዛሬው ወሬያችን የድርድሩ ነው።

ክሩን የሚነካው ነገር የጣት ሥጋ፣ ጥፍር ወይም ጣት ላይ የሚጠለቅ ፒክ ሊሆን ይችላል። ሥጋ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ክሩን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ከፍ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይውጣቸዋል። የሚቀረው ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ ግን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ጥፍርና ፒክ ጠባብና ጠንካራ ስለሆኑ ክሩን ባንዴ ይለቁታል፤ ድምፁ ይጠራል፣ ርቆም ይሰማል። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ክርክሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ፓሪስ ውስጥ ሁለት ስፔናውያን የጊታር ሊቆች ነበሩ፣ ፈርናንዶ ሶር እና ዲዮኒሲዮ አጉዋዶ። ሶር በጣት ሥጋ ነበር የሚጫወተው፤ በ1830 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ ላይም ጥፍርን አይደግፍም። አጉዋዶ ደግሞ የጥፍር ሰው ነው። ታዲያ ተጣሉ? ኧረ በፍጹም። ሶር ለሁለቱ የሚሆን የሁለት ጊታር ሙዚቃ ጻፈ፣ ስሙንም «ሁለቱ ጓደኛሞች» አለው። ታሬጋም በመጨረሻ ዘመኑ ጥፍሩን ቆርጦ በሥጋ መጫወት ጀመረ። ጥፍርን በክላሲክ ጊታር ዓለም እንደ ሕግ ያስቆጠረው ከሱ በኋላ የመጣው የሰጎቪያ ዝና ነው። ስለዚህ «ያለ ጥፍር አይሆንም» የሚላችሁ ሰው የአንድን ትምህርት ቤት ልማድ ነው የሚነግራችሁ።

ጥፍር ማሳደግ ለምትችሉ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ራሴ የምወደው ድምፅ ይሄ ነው። ምስጢሩ ጥፍሩ ብቻ አይደለም፤ ክሩ መጀመሪያ ሥጋውን ይነካል፣ ከዚያ ወደ ጥፍሩ ተንሸራቶ ይወጣል። ሥጋው ሙቀቱን፣ ጥፍሩ ጥራቱን ይሰጣል። ለዚህ ረጅም ጥፍር አያስፈልግም። መዳፋችሁን ወደ ፊታችሁ አዙራችሁ ስታዩ ከጣቱ ጫፍ በላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቅ ካለ ይበቃል፣ አውራ ጣት ትንሽ ቢረዝም ነው። ቅርፁን በሞረድ የጣታችሁን ጫፍ ተከትላችሁ አውጡ። በመጨረሻ ጠርዙን በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ አለስልሱት (በዕብራይስጡም ያው «ንያር ዝሁሂት» ነው የሚባለው፣ ቃል በቃል አንድ)። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላታል፣ ከዚያ «ጥፍር ድምፁን ሻካራ አደረገብኝ» ይላል።

አሁን ወደ ችግሩ። ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ሐሙስ ለት ከተሰበረ፣ የጠፋው 2 ሚሊሜትር እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ መጠበቅ ነው። የናይሎን ክር ለጥፍር ይራራል፤ የብረት ክር ግን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሌላው ደግሞ የሚረዝመው የቀኝ እጅ ጥፍር ነው፣ እንጀራ የምንቆርስበት እጅ! ወጥ በጥፍር ሥር ሲገባ ምን እንደሚመስል፣ አያቶቻችን ያንን እጅ አይተው ምን እንደሚሉ እናንተም ታውቃላችሁ። በዚያ እጅ ጉርሻ ልስጥ ብትሉ ማን አፉን ይከፍታል?

አንዳንዱ ላክ ጄል ወይም አክሪሊክ ያስደርጋል። ይሠራል፣ ብዙ ተጫዋቾችም እንደዚያ ያደርጋሉ። ግን ለማንሳት በተፋቀ ቁጥር የራሳችሁ ጥፍር እየሳሳ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከጀመራችሁ መላቀቁ ይከብዳል።

ፒክ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። የጣት ፒክ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራ፣ ጣት ላይ እንደ ቀለበት የሚጠለቅ ነገር ነው። ምላሱ መዋል ያለበት በጥፍሩ በኩል ሳይሆን በሥጋው በኩል ነው፤ ሥዕሉን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ገልብጦ ያደርገዋል። አውራ ጣትና ሁለት ጣት ላይ ፒክ አድርጎ መጫወትን ዓለም ያወቀው በባንጆው ኤርል ስክራግስ ነው። ድምፁ ይጮሃል፣ ይፈጥናል፣ የብረት ክርም አይበላውም። ግን ክሩን በቆዳችሁ አትሰሙትም። መጀመሪያ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ክር ይስታል። የብረቱ ምላስ ወደ ጣቱ ጎበጥ እንዲል በእጅ ሊታጠፍ ይችላል፤ ሲቀራረብላችሁ ስህተቱ ይቀንሳል።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው መሃለኛውን መንገድ ነው፤ አውራ ጣት ላይ ብቻ ፒክ፣ ሌሎቹ ጣቶች ባዶ። ሜርል ትራቪስና ቼት አትኪንስ በዚህ ነው የታወቁት፣ ዛሬም ቶሚ ኢማኑኤል እንደዚያ ይጫወታል። አውራ ጣቱ ከበሮ የሚመታ ይመስል ባሱን ይዞ ይሄዳል፣ ጣቶቹ ዜማውን። ስትገዙ የአውራ ጣት ፒክ ካጠበቀ ጣት ያደነዝዛል፣ ከላላ ይዞራል። የፕላስቲክ ከሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ በሹካ አውጡት፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል በጣታችሁ ልክ ጫን አድርጉት።

አድማጫችን፣ ላንቺ ግን ከዚህም የቀለለ አለ። ኤሊዛቤት ኮተን የምትባል አሜሪካዊት ጥቁር ሴት ነበረች፣ በ1893 ገደማ የተወለደች። ዕድሜዋን በሰው ቤት ሠራተኛነት ነው የኖረችው፤ ግራኝ ስለነበረች ጊታሩን ገልብጣ ይዛ፣ ያለ ፒክ ነበር የምትጫወተው። የመጀመሪያ አልበሟ የወጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከ60 ዓመቷ በኋላ ነው። ማርክ ኖፕፍለርም የኤሌክትሪክ ጊታሩን በባዶ ጣቱ ነው የሚነካው። ዛሬ ማይክና አምፕ ስላለ «ድምፄ አነሰ» ማለት እንደ ድሮው አያስጨንቅም።

ስለዚህ ጥፍርሽን ለሆስፒታሉ በሚሆነው ልክ ቁረጪ። ክሩን በጣትሽ ጫፍ በትንሹ ሰያፍ አድርገሽ ንኪው፣ አትጎትቺው፣ ግፊው። ድምፁ ደብዘዝ ካለብሽ እጅሽን ወደ ክሮቹ ማሰሪያ ጠጋ አድርጊ፣ እዚያ ድምፁ ይሳላል። የመጀመሪያው ሳምንት ጣትሽ ያምሻል፣ በቀን ከ20 ደቂቃ አትለፊ። ቆዳው ሲጠነክር የአውራ ጣት ፒክ ጨምሪና ሁለቱን በስልክሽ ቀድተሽ አወዳድሪ። ቅጂውን ላኪልን፣ ፈቃድሽ ከሆነ በሚቀጥለው ክፍል እናሰማዋለን።