ጦስኙ ይፈላ፣ ክኒኑ ግን አይቋረጥ



«ደም ብዛት አለብሽ» የተባለች እናት ምክር አታጣም። አንዷ ጎረቤት ከስሜን ደጋ የተለቀመ ጦስኝ አፍልታ ትሰጣታለች፤ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ብዪ ትላታለች። በደባርቅም በዳባትም በቅጠልና በሥር መረዳዳት የቆየ ልማድ ነውና አንነቅፈውም።

ነጭ ሽንኩርት ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ጦስኝ ግን በአብዛኛው የተሞከረው በእንስሳት ላይ ነው፤ ለሰው ስንት ሲኒ እንደሚበቃ አልተለየም። ስለዚህ ሁለቱም የሐኪም መድኃኒት ረዳት እንጂ ምትክ አይደሉም።

ደም ብዛት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ራስ ምታቱ ስለተሻላችሁ ወይም ጸበል ስለጀመራችሁ ክኒኑን አታቋርጡ። ግፊቱ መውረዱን የሚናገረው መለኪያው ብቻ ነው።

በቤት ውስጥ ትልቁ እርዳታ ጨው መቀነስ ነው። የቀኑ ጨው በጠቅላላው ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም አይብለጥ። ከበርበሬና ከሽሮ ጋር የተፈጨውም፣ ቡና ላይ የምትጨምሩትም ይቆጠራል።

የእርግዝና መከላከያ የምትወስዱም ግፊታችሁን ተለኩ። ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለው ክኒን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ግፊታችሁ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረው ዘዴ ይስማማችሁ እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ። የምትጠጡትን ቅጠልም አትደብቁን።

ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ካያችሁ ግን ጦስኝ አታፍሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።