ተሳቢ ጎትታችሁ ባሌ ለመውጣት ያሰባችሁ፣ ይሄን ሳታነቡ አትነሱ

ወገኖች፣ ዛሬ አቃቂ በሰቃ ጋራዣችን የገባ ተሳቢ አይቼ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ታንከር፣ ሁሉም ተሟልቶለታል። ከመስቀል በኋላ በፒክአፕ ተጎትቶ ሳነቴ ሊወጣ ነው። ከሥሩ ገብቼ ሳይ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ጋንቾው ሻንሲው ላይ መታሰር ሲገባው ፓራውልቱ ላይ ተበይዷል። ባለቤቱን ብጠይቀው "ቀላል ተሳቢ ፍሬን አያስፈልገውም ሲሉ ቴሌግራም ላይ አይቻለሁ" አለኝ። ይሄን የሚለጥፉ ሰዎች የሰው ነፍስ እየነኩ ነው።

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ክብደት። ሞልታችሁ አስመዝኑ፣ ባዶውን አይደለም። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። ኋላው ከከበደ ፍጥነት ስትጨምሩ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ከባዱን ዕቃ ከአክሰሉ ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ ጫኑ።

2. ከፍታ። እኛ ያለነው 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሳነቴ ከ4,000 በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ (ተራራው እንጂ የእኛ ሰፈር አይደለም) 4,377 ሜትር ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ሌሊት ውሃ ይረጋል፤ ታንከሩንና ቱቦውን ማታ ማታ አፍስሱ።

3. ፍሬን። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሁለት ቶን ፒክአፕና አንድ ቶን ተሳቢ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርዱ፣ በፍሬን ብቻ ከያዛችኋቸው የሚፈጠረው ሙቀት 90 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሁሉ የሚገባው ሸራውና ታምቡሩ ውስጥ ነው። ከሳነቴ ወደ ሐረና ደን የሚወርደው መንገድ ደግሞ በ1,000 ሜትር አያበቃም። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱም ያው ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ በ140 ዲግሪ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉን ስትረግጡት ወለል ድረስ ይሰምጥና መኪናው አይቆምም። ሾፌሩ "ፍሬን እምቢ አለኝ" የሚለው ይሄንን ነው። ስለዚህ ዘይቱን ከጉዞው በፊት አስቀይሩ። መልኩን አይታችሁ "ንጹሕ ነው" አትበሉ፤ እርጥበት በዓይን አይታይም።

አውሮፓ ውስጥ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ከሌለው መንገድ ላይ አይወጣም። ያውም ብዙው መንገዳቸው ሜዳ ነው። እኛ ተራራ ላይ እየኖርን "ቀላል ነው" እንላለን!

ሌላው ዜሮ ማርሽ ነው። "ነዳጅ ይቆጥባል" እያሉ ቪዲዮ የሚሠሩ አሉ። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነፃ ስታደርጉ ሞተሩ መያዙን ይተውና ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። አዳዲሶቹ መኪኖችማ በማርሽ ተይዘው ሲወርዱ፣ ነዳጅ እስካልሰጣችሁ ድረስ፣ ለሞተሩ ነዳጅ መርጨት ያቆማሉ፤ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይረጫሉ። ስለዚህ የቆጠባችሁት ነገር የለም። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፤ ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀይሩ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ፣ እግራችሁን ጭናችሁ አትውረዱ።

ጎማና ኩሽኔታ ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝርም።

እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ተቆጣጣሪው ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርቡ መብራቱ ይታያል፣ ጎማው ይታያል፣ ቦሎ ይለጠፋል። ከፒክአፕ ኋላ ያለውን ጋንቾ ጎንበስ ብሎ ያየ መርማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ማሠልጠኛውም በእንጨት መሐል ወደ ኋላ ማቆም ያስተምራል፤ ሸክም ይዞ ቁልቁለት መውረድን ሠልጣኙ የሚማረው ፈቃድ ካወጣ በኋላ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ነው። ይሄ መስተካከል አለበት፤ አደጋ ደርሶ ኮሚቴ እስኪቋቋም መጠበቅ የለብንም።

ተሳቢያችሁ ፍሬን ከሌለው አስገጥሙለት። መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚይዝ ዓይነት አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ። ካልቻላችሁ ተሳቢውን ቤት ተዉትና ድንኳን ይዛችሁ ሂዱ። ዲንሾ ድንኳን መትከያ ቦታ አለ፤ ቀይ ቀበሮውን ደግሞ ሳነቴ ላይ ታዩታላችሁ። ፍሬን የሌለው ተሳቢ አምጥታችሁ "ጋንቾውን ብቻ በይድልኝ" ብትሉኝ ግን አልበይድም።