የዒድ ማዕድ፦ በቤት ወይስ በሆቴል?

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ የዒድ ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ተሳፋሪው ይበዛል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ከሚወርደው መካከል ብዙው ለዒድ ወደ ወላጆቹ ቤት የሚሄድ ነው። ምግብማ በየከተማው ሆቴል ሞልቷል፤ ያን ዳገትና ቁልቁለት የሚያስጓዘው የወላጅ ማዕድ ነው።

ሥጋው ሐላል እስከሆነ ድረስ የዒድን ምሳ በሆቴል መብላት ሐራም ነው አንልም። ለአረፋ ግን ጉዳዩ ይለያል። አንድ የመንዝ በግ ለአንድ ቤተሰብ ኡድሂያ ይበቃል፤ በሬን 7 ሰዎች ሊጋሩት ይችላሉ። ዑለማዎች ሥጋውን ለ3 መክፈል መልካም ነው ይላሉ፦ ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለድሃ። የሆቴል ሳህን የሚያጠግበው ግን የከፈለውን ብቻ ነው።

«ሆቴል የምንሄደው እናታችን እንድታርፍ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። እናት ቀኑን ሙሉ ከምድጃ ሥር ከዋለች ዒዱ ለማን ነው? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤት ውስጥ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። እንግዲህ ወጣቶች! ሽንኩርት መክተፉ፣ ዕቃ ማጠቡ፣ የጎረቤትን ድርሻ ማድረሱ የእናንተ ፋንታ ይሁን። የሚስኪኑ ድርሻ ከደረሰ በኋላ፣ በማግስቱ እናታችሁን ሆቴል ብትጋብዙ ማን ይከለክላችኋል?

አላህ ማዕዳችንን የተባረከ ያድርግልን። አሚን!