ስልክ ሲጨናነቅ መስመር መጨመር ብቻውን ለምን አይበቃም?

የድርጅቱ ስልክ ደንበኛን አላስገባ ሲል ብዙ ኃላፊዎች ቶሎ የሚታያቸው መፍትሔ መስመር ማስጨመር ነው። አንዳንዴ ልክ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ወጪ አውጥተው ደንበኛውን “መስመሩ ተይዟል” ከሚለው ድምፅ ወደ ረጅም ወረፋ ያዛውሩታል እንጂ ጉዳዩን አይጨርሱለትም። መጨናነቅ ከመስመር እጥረትም ከሰው እጥረትም ይመጣል፤ የሁለቱ መድኃኒት ደግሞ ለየቅል ነው።

ጫናው እንዴት ይለካል?

የስሌቱን መሠረት የጣለው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊ የሒሳብ ባለሙያ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 እና በ1917 ባሳተማቸው ጽሑፎች የስልክ ጥሪ እንዴት እንደሚመጣና ስንት መስመር እንደሚያስፈልገው በቀመር አሳየ። የጥሪ ጫና መለኪያው ዛሬም በስሙ ኤርላንግ ይባላል።

አንድ ክሊኒክ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት 100 ጥሪ ይመጣለታል፣ አንዱ ጥሪም በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በሰዓቱ ውስጥ 300 ደቂቃ ንግግር አለ ማለት ነው። ለ60 ሲካፈል 5 ኤርላንግ ይሆናል፤ በየትኛውም ቅጽበት በአማካይ 5 ሰው እያወራ ነው።

ታዲያ 5 መስመር አይበቃም? አይበቃም። ሰው ተነጋግሮ አይደውልም፤ አንዴ ዘጠኙ በአንድ ላይ ይደውላል፣ አንዴ ስልኩ ጭጭ ይላል። ወረፋ በሌለው ስልክ 5 መስመር ብቻ ካለ፣ በኤርላንግ ቀመር ከ100 ጥሪ 28ቱ ይመለሳሉ። የሚመለሰውን ከ100 ወደ 1 ለማውረድ 11 መስመር ያስፈልጋል።

የሚያነሳው ሰውስ?

አሁን መስመሩ በቂ ሆኖ ደዋዩ ወረፋ ይዟል። ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞች 5 ከሆኑ ጫናው እስካልቀነሰ ድረስ ወረፋው እየረዘመ ይሄዳል። 6 ሲሆኑ አንድ ደዋይ በአማካይ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። 7 ሲሆኑ ጥበቃው ወደ 30 ሰከንድ ይወርዳል፤ 8 ሲሆኑ ወደ 10 ሰከንድ።

ስለዚህ አዲስ ሰው ከመቅጠር በፊት የሥራ ፕሮግራሙን ማየት ይጠቅማል። ሰኞ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ስልኩ የሚበዛ ከሆነ፣ ስብሰባና የሻይ እረፍት ከዚያ ሰዓት መውጣት አለባቸው። በዚያ ሰዓት የምትመለስ አንዲት ሠራተኛ የብዙ ሰው ጥበቃ ታሳጥራለች።

በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ

ስልኩ በኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ የመስመር ብዛት የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ አቅራቢው በአንድ ጊዜ በሚፈቅደው የጥሪ ብዛትና በኢንተርኔቱ አቅም። ጂ.711 በተባለው የተለመደ የድምፅ አሠራር አንድ ጥሪ ወደ መሄጃውም ወደ መምጫውም በሰከንድ 87 ኪሎቢት ገደማ ይወስዳል። አሥራ አንድ ጥሪ ሲሆን ወደ 1 ሜጋቢት ይጠጋል። በዚያው መስመር ከባድ ፋይል ሲላክ ድምፅ ይቆራረጣል። በራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ መስጠትና የጥሪውን ጣሪያ መወሰን ያስፈልጋል፤ ከአቅም በላይ የገባ አንድ ጥሪ የሌሎቹን ሁሉ ንግግር ያበላሻልና።

የተመለሰው ደዋይ የት ይሄዳል?

ብዙውን ጊዜ ወዲያው መልሶ ይደውላል። የአንድ ሰው ጉዳይ አራት ጥሪ ሆኖ ይቆጠራል፤ ጫናውም በራሱ ላይ ይጨምራል። ይህን አዙሪት የሚሰብሩ ቀላል ዘዴዎች አሉ። ተራውን ሳያጣ ቁጥሩን ትቶ እንዲደወልለት ማድረግ፣ የምርመራ ውጤት መድረሱን በአጭር መልእክት ማሳወቅ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀውን (የሥራ ሰዓት፣ አድራሻ) በተቀዳው ድምፅ መጀመሪያ ላይ መናገር፣ ትርፉን ጥሪ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ማሳለፍ።

ወረፋው በጣም ከረዘመም እውነቱን መንገር ይገባል። ሂሳቡ እየቆጠረበት ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ምናልባት የታመመ ልጅ አቅፎ ይሆናል። “አሁን 20 ደቂቃ ያስጠብቃል፤ እንድንደውልልዎ 1ን ይጫኑ” መባል መብቱ ነው።

ከየት ይጀመራል?

ከስልክ ማዞሪያው የአንድ ሳምንት መረጃ በየግማሽ ሰዓቱ ያውጡ፤ ስንት ጥሪ መጣ፣ ስንቱ ተነሳ፣ ስንቱ “ተይዟል” ተባለ፣ ስንቱ ወረፋ ላይ ሰልችቶት ዘጋ? ከአንድ ቁጥር ተደጋግሞ የመጣውን እንደ አንድ ደዋይ ይቁጠሩ። “ተይዟል” የተባለው ከበዛ መስመር ይጨምሩ። ወረፋ ላይ የዘጋው ከበዛ ግን የመስመሩን ገንዘብ ስልክ ለሚያነሳ ሰው ያውሉት።