ምንትዋብ ማለት ምን ማለት ነው?

“ስሜ ይከብዳል፣ ሚንት በሉኝ” የምትል ልጅ ቤታችሁ አለች? እንግዲያው ማዕድ ላይ ይህን ንገሯት።

ምንትዋብ “ምን” እና “ትዋብ” ሲገጥሙ ነው፤ “እንዴት ውብ ናት!” እንደማለት። የአፄ በካፋ ባለቤት የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሕዝቡ ግን ዛሬም እቴጌ ምንትዋብ ይላቸዋል። በ1730 እ.ኤ.አ. ባላቸው ሲያርፉ ለትንሹ ልጃቸው ለኢያሱ ሞግዚት ሆነው አገር መሩ፤ ጎንደር ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ።

ወላጆች፣ አስተማሪው አልቻለም ብላችሁ ስሟን ለማሳጠር አትቸኩሉ። “ምን-ት-ዋብ” ብላ ቀስ አድርጋ ታስተምረው። እኔ ሬስቶራንት የሚመጡት ፈረንጆች “ጥብስ”ና “ክትፎ” ማለት ከለመዱ፣ ይሄማ ምን አላት!

አንቺም የኔ ቆንጆ፣ ሰው ስምሽን በጠራ ቁጥር፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ እያደነቀሽ ነው።