ተልባ ለምን ወፍጮ ቤት አይሄድም?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ዳር ካሉት ወፍጮ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ፣ ተራ የሚጠብቀው ጆንያ ጤፍ፣ በቆሎ ወይም ዳጉሳ ነው። ተልባ ይዞ የተሰለፈ ሰው ማየት ብርቅ ነው። ቢመጣም ባለወፍጮው “እሱን እቤት ውቀጡት” ብሎ የሚመልሰው ንፉግ ስለሆነ አይደለም። ተልባ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ዘይት ነው። ድንጋዩ ሲግል ዘይቱ ይወጣና የወፍጮውን ጥርስ ይደፍነዋል። ከኋላ የተሰለፈችው ሴትዮም የጤፍ ዱቄቷን ተልባ ተልባ እየሸተተ ትረከባለች።

ስለዚህ ተልባ የጓዳ ሥራ ነው። ሥራው ከባድ ባይሆንም የተልባን ጠባይ ማወቅ ይፈልጋል።

ጠባዩ ሁለት ነው፤ ከላይ ዝልግልግ፣ ከውስጥ ዘይት። ቅርፊቱ ውሃ ሲነካው ያብጥና እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል። ይኸው ቅርፊት ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ሳይደቅ የተዋጠ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ እንደገባ ይወጣል። ዘይቱም ውስጡ እንደተቆለፈ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦሜጋ 3 የሚባለው የቅባት ዓይነት ነው፤ ሰው ተልባ ተልባ የሚለው አንድም ለእሱ ነው። መፍጨት ያስፈለገው ለዚህ ነው እንጂ ለማማር አይደለም።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም ዙሪያ ስሙ የገነነው በበቆሎና በበርበሬ ነው፤ ቅባት ሲባልም ጎጃሜ ቀድሞ የሚጠራው ኑግን ነው። ተልባ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፤ ክረምት ላይ ይዘራል፣ ዝናቡ ሲያባራ ማሳው በሰማያዊ አበባ ይሞላል። የሌላው ዓለም ገበሬ ይህንኑ ተክል የሚያውቀው ከግንዱ በሚወጣው የበፍታ ክርና ለቀለም በሚውለው ዘይቱ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችን የመጣው ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭን ያስገረመውም ይኸው ነበር፤ እዚህ ሰው ግንዱን ትቶ ፍሬውን ለምግብ ይፈጫል።

ወደ ጓዳው እንግባ። መጀመሪያ ማጽዳት ነው፤ እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል። ምስር ስለሚታጠብ ተልባም የሚታጠብ ይመስለዋል። ውሃ ያገኘ ተልባ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ጓል ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ምጣድም ሙቀጫም አያድነውም። በደረቁ በሰፌድ አበጥሩት፤ አቧራው እንዲወርድ በጠባብ ወንፊት ንፉት፤ የቀረውን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ በዓይን ልቀሙት። አሸዋ ካመለጣችሁ ጥርስ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ማመስ ነው። ምጣዱ ወይም ድስቱ ደረቅ ይሁን፤ ጠብታ ውሃም ዘይትም አይግባ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ በአንዴም ከሁለት እፍኝ በላይ አትጨምሩ። ጥቂት ደቂቃ ዝም ይላል። ከዚያ አንድ ፍሬ ጠሽ ይላል፣ ሌላው ይከተላል፣ ወዲያው ምጣዱ ሁሉ ይንጫጫል፤ አንዳንዱም ዘልሎ ምድጃ ሥር ይገባል። ማማሰያው አይቁም። ጩኸቱ ሲሳሳና ሽታው ወደ ለውዝ ሲጠጋ አንድ ሁለት ፍሬ አውጥታችሁ ቅመሱ፤ ከጥርስ ሥር ቀጭ ካለ ደርሷል። ምጣዱ ላይ ጥላችሁት ዞር ካላችሁ ግን የምጣዱ ሙቀት ብቻውን ያሳርረዋል፤ ያረረ ተልባ ደግሞ ማር ቢጨመርበትም ምሬቱ አይለቅም። ቶሎ ሰፌድ ላይ ገልብጡት።

“ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ” ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ግን ተልባ ወቅጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። በአንድ ሙቀጫ ሙሉ ተልባ የጨመረች ሴት የምታገኘው ዱቄት ሳይሆን ሊጥ ነው። ሙቀጫ በትንሽ በትንሹ ነው፤ ታችኛውን ሩብ ያህል ብቻ ይያዝ። ተልባው በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከወቀጡት ዘይቱ ይቀድምና ዘነዘናው ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ፍሬው እንዳይፈናጠር ቀስ ብሎ መጫን፣ ሸርከት ሲል ጠንከር ማድረግ፣ ከዚያ በወንፊት ነፍቶ ግርዱን እንደገና ወደ ሙቀጫው መመለስ። በእጅ ወፍጮና በመጅም ይላማል፤ ዘይቱ ግን ድንጋዩን ስለሚያሙለጨልጨው ከተልባ በኋላ ጤፍ ለመፍጨት ያሰበ ሰው ወፍጮውን መውቀር ሊኖርበት ነው።

መብራት ያለው ቤት የቡና መፍጫ ወይም ብሌንደር ያወጣል። ከሁለቱ የቡና መፍጫው ይሻላል፤ ሰፊ የብሌንደር ማሰሮ ውስጥ ጥቂት ተልባ ከምላጩ እየሸሸ ዳር ዳር ይሽከረከራል። እኔ አንዴ ቸኩዬ ጣቴን ሳላነሳ ብዙ ፈጭቼ፣ ከምላጩ ሥር በማንኪያ የሚፋቅ ቡናማ ጭቃ ነበር ያገኘሁት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ምላጩ ሲሮጥ ይግላል፣ ተልባው ዘይቱን ይለቃል። ሦስት አራት ሰከንድ አስነስታችሁ አቁሙ፣ አራግፉ፣ ድገሙ። አምስት ስድስት ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። የቡናው ሽታ እንዳይጋባ አስቀድማችሁ አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ ፍጩበትና ድፉት፤ ከተልባው በኋላም እንዲሁ።

ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ጣል አድርጎ እንጀራ መፈትፈት የጾም ቀን ወግ ነው። ማር ጨምሮ የሚጠጣውም ብዙ ነው። “ጨጓራ ይፈውሳል” የሚለውን ግን በልኩ ብንይዘው ጥሩ ነው። ዝልግልጉ ሆድ የሚያለሰልስ ሆኖ የሚሰማው ሰው አለ፤ በባክቴሪያ የመጣ የጨጓራ ቁስል ግን መድኃኒት እንጂ ተልባ አያድነውም። ተልባ ውሃ ስለሚመጥጥም በደንብ ውሃ ሳይጠጡ ዱቄቱን መቃም ሆድ ያደርቃል። ኪኒን የሚወስድ ሰውም ከኪኒኑ ጋር በአንድ ጊዜ ባይጠጣው ይመከራል፤ የመድኃኒቱን ወደ ደም መግባት ሊያዘገየው ይችላል።

ባልትና ቤት የተፈጨ ተልባ አለ፤ ለቸኮለ ሰው ጥሩ ነው። እኔ የማልገዛው መቼ እንደተፈጨ ስለማላውቅ ነው። ቅርፊቱ ከተሰበረ በኋላ ዘይቱ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ቀስ በቀስም ይበላሻል፤ አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ከሸተታችሁ አልፎበታል። ጥሬው ፍሬ ግን ደረቅ ቦታ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ዓመት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ስለዚህ የሳምንቱን ብቻ አምሳችሁ ፍጩ፤ ዱቄቱን በጠርሙስ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት፣ ፍሪጅ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ከምድጃው ርቆ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። የተረፈውን ጥሬ ተልባ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አቆዩት።