የድንጋይ ቅርስና ባለአገሩ

በሰሜን ታንዛኒያ፣ ከናትሮን ሐይቅ በስተደቡብ፣ ማሳዮች የአምላክ ተራራ የሚሉት እሳተ ገሞራ፣ ኦልዶንዮ ሌንጋይ፣ ይገኛል። የእኛው ኤርታሌ የሚያፈላው ቅልጥ አለት ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል፤ የሌንጋይ ግን ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከይዘቱ ነው። የተለመደው ቅልጥ አለት ሲሊካ በብዛት ስላለበት ይወፍራል። የሌንጋዩ የሶዲየምና የፖታሲየም ካርቦኔት ስለሆነ እጅግ ቀጥኖ ይፈስሳል። ሲወጣ ጥቁር ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲዋሃድ ግን በቀናት ውስጥ ነጭ ይሆናል። ዛሬ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቅልጥ አለት የሚተፋ ሌላ ሕያው እሳተ ገሞራ የለም።

ሌንጋይን፣ የንጎሮንጎሮን ግዙፍ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ፣ የኦልዱቫይን ሸለቆና ላኤቶሊን አንድ ላይ የያዘው ምድር እ.ኤ.አ. በ2018 (ቀጥለው የሚመጡት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ጂኦፓርክ ሆኖ ተመዘገበ። ጂኦፓርክ ሰው የማይደርስበት ክልል አይደለም። ገበሬው እያረሰ፣ አርብቶ አደሩ ከብቱን እያሰማራ የሚኖርበት፣ የመሬትን ታሪክ የሚናገሩ አለቶችና ቅሪተ አካላት ግን በአገሩ ሕግ የሚጠበቁበት አካባቢ ነው። ተማሪው ከቅርሱ ይማራል፣ ነዋሪው በአስጎብኚነት፣ በእንግዳ ማረፊያና በእደ ጥበብ ገቢ ያገኛል። አስተዳዳሪው አካል በቅሪተ አካልና በማዕድን ናሙና ንግድ ውስጥ እጁን ማስገባት አይፈቀድለትም። በየ4 ዓመቱ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ሥራው ከጎደለ ቢጫ ካርድና የ2 ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካላስተካከለ ስሙን ይነጠቃል።

ሐሳቡ የተጀመረው በ2000 ሲሆን፣ ጀማሪዎቹ የፈረንሳይ፣ የግሪክ፣ የጀርመንና የስፔን አራት አካባቢዎች ነበሩ። ዩኔስኮ በ2015 የራሱ መርሐ ግብር አደረገው። በ2025 በ50 አገሮች ያሉት ጂኦፓርኮች 229 ደርሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ የአፍሪካ ድርሻ ሁለት ብቻ ነበር፤ የሞሮኮው ምጉንና የታንዛኒያው ንጎሮንጎሮ ሌንጋይ።

ጥበቃው ለምን እንደሚያስፈልግ ላኤቶሊ በግልጽ ያሳያል። በ1978 የቅሪተ አካል ተመራማሪዋ የሜሪ ሊኪ ቡድን እዚያ በሁለት እግር ቆመው የሄዱ ጥንታውያንን ዱካ አገኘ፤ ዕድሜው ወደ 3.66 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ዱካውን የሚሰጡት ለአውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ፣ ማለትም ለሉሲ ዝርያ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ በሜዳው ላይ ወረደ፤ ቀላል ዝናብ አረጠበው፤ በላዩ ተራመዱበት። በአመዱ ውስጥ የነበረው ካርቦኔት ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ጠነከረ። ከዚያ ሌላ አመድ ሸፈነው። ተረከዙ የጠለቀበት፣ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጋር ወደ ፊት የቀናበት ቅርጽ እስከ ዛሬ ይታያል።

ያን ያህል ዘመን የቆየውን ዱካ የግራር ሥር በጥቂት ዓመታት ሊበጣጥሰው ነበር። ስለዚህ በ1990ዎቹ ባለሙያዎች ዛፎቹን አስወግደው ዱካውን በአሸዋና ሥር በሚከላከል ጨርቅ መልሰው ቀበሩት። ሥራውን ሲሠሩ የአካባቢውን ማሳዮች አማከሩ፤ የማሳይ የሃይማኖት መሪም ቦታውን በሥርዓት ባረከ። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነበር። የተቀበረ ዱካ ከከተማ በሚመጣ ባለሙያ ብቻ አይጠበቅም፤ ዋናው ጠባቂ በዚያው መሬት ላይ ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ነው።

ይሁንና ንጎሮንጎሮ አሳሳቢ ትምህርትም አለው። በ1959 ከሰሬንጌቲ እንዲወጡ የተደረጉ ማሳዮች ንጎሮንጎሮ መኖሪያቸው እንዲሆን ተፈቅዶላቸው ነበር። ከ2022 ጀምሮ ግን መንግሥት ነዋሪዎችን በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ወደ ምሶሜራ ማዛወር ጀምሯል። መንግሥት የሰውና የከብት ቁጥር በዝቷል፣ ዝውውሩም በፈቃደኝነት ነው ይላል፤ ብዙ ነዋሪዎችና የመብት ተሟጋቾች ግን ጫና አለበት ብለው ይቃወማሉ። ውሳኔው ከጂኦፓርኩ የመጣ ባይሆንም የጂኦፓርክን መሠረታዊ ሐሳብ ይፈትናል። ባለአገሩን የሚያስወጣ ጥበቃ የራሱን ጠባቂ ያጣል።

ይህ ለእኛም የቅርብ ጉዳይ ነው። የደናክል ዝቅተኛ ምድርና እሳተ ገሞራዎቹ በ2022 ዓለም አቀፉ የሥነ ምድር ሳይንሶች ኅብረት ካወጣቸው የመጀመሪያዎቹ 100 የሥነ ምድር ቅርሶች ውስጥ ተካተዋል። ኢትዮጵያ ግን እስከ 2025 ድረስ አንድም የዩኔስኮ ጂኦፓርክ አልነበራትም። አንድ ቀን ማመልከቻው ሲዘጋጅ፣ በዳሎል ዙሪያ ጨው የሚቆርጠው፣ አሞሌውን በግመል የሚጭነውና እንግዳ የሚመራው አፋር ከረቂቁ ጀምሮ በጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለበት። የመግቢያው ገንዘብ ስንት እጁ ለመንደሩ ውሃና ትምህርት ቤት እንደሚውል በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ልጆቹም ስለ ምድራቸው አፈጣጠር በአፋርኛ መማር አለባቸው። እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ ስሙን ማግኘት ብቻውን ለቅርሱም ለባለአገሩም ዋስትና አይሆንም።